አባቴ ስሙን፣ እኔ ዕዳውን እያየን አልተግባባንም

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የደረሰን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 18 ዓመቴ ነው። ከወላጆቼና ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ጋር በዲቪ ከአዲስ አበባ ከመጣን ስድስት ዓመት ሆነን። ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለውኛል፤ አንደኛው ቦስተን ያለ ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሁለተኛው ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። የቦስተኑ ጠቅላላ ወጪ በዓመት 88,000 ዶላር ሲሆን 52,000 ዶላር እርዳታ ሰጥተውኛል። በኮሌጅ ፓርክ ደግሞ ከስኮላርሺፕና ከፔል ግራንት (ከማይመለስ የፌዴራል መንግሥት እርዳታ) በኋላ፣ ከቤት እየተመላለስኩ ከተማርኩ፣ በዓመት የምከፍለው 4,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። አባቴ ታክሲ ነጂ ነው። ‹ስም ያለው ትምህርት ቤት በር ይከፍታል፤ የመጣነው ለእናንተ ብለን ነው፤ ብድሩን እኔ እወጣዋለሁ› ይላል። እናቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊት ትሠራለች፤ በዚህ ነገር ዝም ብላለች። እስከ ሜይ 1 መወሰን አለብኝ። ኮሌጅ ፓርክ ብገባ የሕክምና ትምህርት ቤት የመግባት ዕድሌ ይቀንሳል?»

ውድ እኅቴ፣ ለመጨረሻው ጥያቄሽ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ኮሌጅ ፓርክ በመግባትሽ ብቻ ሐኪም የመሆን ዕድልሽ አይቀንስም፤ አሁን በጻፍሽልኝ ቁጥሮች የምመርጥልሽም እሱን ነው። የቦስተኑ ዩኒቨርሲቲ እርዳታውን በብዙ ካላሻሻለ በቀር አባትሽ ሊሸከሙት የተዘጋጁት ብድር የሚያስገኝላችሁ ጥቅም ዋጋውን አያህልም ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው የእሳቸውን ሐሳብ አቅልዬ አይደለም፤ በሚሉት ነገር ውስጥ እውነት አለ፣ እመለስበታለሁ።

በብዙ ወገኖቻችን ቤት ይህን ውሳኔ የሚያዛባ አንድ አለመግባባት አለ። ሀገር ቤት ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ ሌላ ዲግሪ መያዝ ሳያስፈልገው ሕክምና ይገባል፤ ስለዚህ ልጃቸው ጥቁር አንበሳ ወይም ጎንደር ሕክምና የደረሳት ወላጆች ልጃችን ሐኪም ልትሆን ነው ብለው ዘመድ ቢጠሩ ትክክል ናቸው፤ የገባችበት በር ራሱ የሕክምናው በር ነውና። እዚህ አሜሪካ ግን «ፕሪሜድ» ማለት ተማሪው የመረጠውን ማንኛውንም ዲግሪ እየተማረ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠይቋቸውን ኮርሶች ይወስዳል ማለት ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ የሚፈልጉት አንድ አንድ ዓመት ባዮሎጂ፣ ጠቅላላ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነላብራቶሪያቸው፣ በዚያ ላይ ባዮኬሚስትሪና ሒሳብ ወይም ስታቲስቲክስ ነው። ቦስተን ገባሽም ኮሌጅ ፓርክ፣ የሕክምናው በር የሚከፈተው ወይም የሚዘጋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አባትሽ አሁን የሚያወዳድሩት ሁለት የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ቢሆን ኖሮ ክርክራቸው እጅግ የበረታ ይሆን ነበር። የሚያወዳድሩት ግን ወደዚያ የሚወስዱ ሁለት መንገዶችን ነው፤ መንገድ ደግሞ ለቀጣዩ ጉዞ ጉልበት የማያስጨርስ መሆን አለበት።

ያ በር ላይ ምን እንደሚታይ ልንገርሽ። በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰዎች ያመለክታሉ፣ ትምህርት የሚጀምሩት ወደ 23 ሺህ ይጠጋሉ። የገቡት ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ 3.8 አካባቢ ነው፤ ከ472 እስከ 528 በሚለካው የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና በኤምካት ደግሞ አማካያቸው 512 ገደማ ይሆናል። ማመልከቻው ላይ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ውጤቶችሽ አማካይ ለብቻው ተሰልቶ ይቀመጣል፤ በሌሎች ኮርሶች ያገኘሽው ጥሩ ውጤት ይህን አይሸፍነውም። ወላጆች ብዙ ጊዜ የማያውቁት አንድ ነገርም አለ፦ ዩኒቨርሲቲው የተደገመን ኮርስ አሮጌ ውጤት ቢሰርዝልሽ እንኳ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ ሁለቱንም ውጤቶች ይቆጥራል። የመጀመሪያው ዓመት ድካም በማመልከቻሽ ላይ እንዳለ ይቆያል ማለት ነው።

ይህን የማውቀው ከወረቀት ብቻ አይደለም። እኔም የሄድኩት ስሙን ሰምተን ወደ መረጥነው፣ ከቤት ሩቅ ወደነበረ የግል ዩኒቨርሲቲ ነበር። እርዳታው በቂ መስሎን ነበር፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ክፍያው ሲጨምር የጎደለውን ለመሙላት በሳምንት ሠላሳ ሰዓት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሌሊት እሠራ ጀመር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ኮርስ «ሲ» አገኘሁ፣ በኋላ ደግሜ «ኤ» አመጣሁ፣ ሁለቱም ተቆጠሩ፤ ሕክምና ትምህርት ቤት የገባሁትም ከጓደኞቼ ሁለት ዓመት ዘግይቼ ነው። ትምህርቱ ከብዶኝ አልነበረም። እንቅልፌንና የጥናት ሰዓቴን የወሰደብኝ የገንዘቡ ጉድለት ነበር። ስለዚህ «ብድሩን እኔ እወጣዋለሁ» የሚለውን የአባትሽን ቃል ሳነብ ቃሉ ምን ያህል ፍቅር እንደተሸከመ አየሁ፤ ከብዶም ተሰማኝ፤ የእኔም አባት ይህንኑ ብለው ነበርና።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ብቆይ ታገሺኝ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። ከ88,000 ዶላር ላይ 52,000 ሲቀነስ በዓመት 36,000 ዶላር ይቀራል። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሠርተሽ በዓመት 3,000 ዶላር ብታገኚ እንኳ 33,000 ይቀራል። በራስሽ ስም ከፌዴራል መንግሥት መበደር የምትችዪው በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው፤ በአራት ዓመት 27,000 ይሆናል። ዋጋው ምንም ሳይጨምር ቢቆይ፣ እንዲህ የሚሆን ግን አይመስለኝም፣ ለወላጆችሽ የሚተርፈው 105,000 ዶላር ነው። የሁላችሁም ዕዳ አንድ ላይ 132,000 ዶላር ደረሰ ማለት ነው፤ ይህም ሕክምና ትምህርት ቤት ሳትረግጪ ነው።

አባትሽ ምናልባት ያልሰሙት ነገር የወላጆች ብድር ሕግ መለወጡ ነው። ቀድሞ ወላጅ በ«ፓረንት ፕላስ» ብድር የጎደለውን ሁሉ መበደር ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ጣሪያው ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000 ዶላር፣ በጠቅላላው ደግሞ 65,000 ዶላር ሆኗል። በእናንተ ሒሳብ ላይ አስቀምጪው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 60,000 ዶላር ይወሰዳል፣ ለአራተኛው ዓመት የሚቀረው 5,000 ዶላር ብቻ ነው። በአራተኛው ዓመት ብቻ ከ20 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ከግል አበዳሪ መፈለግ አለባችሁ፤ አራቱን ዓመት ስትደምሪው ከግል አበዳሪ የሚመጣው 40,000 ይሆናል፣ ለዚህም አባትሽ ዋስ ሆነው መፈረም ይኖርባቸዋል። አንቺ ለኤምካት የምታጠኚበትና ማመልከቻ የምታዘጋጂበት ጊዜ ቤታችሁ ብድር የሚለምንበት ጊዜ ይሆናል።

በ2025–26 የትምህርት ዘመን የወላጆች ብድር ወለድ 8.94 በመቶ ነበር። በዚህ ወለድ 65,000 ዶላር ዋናው ሳይነካ በዓመት ወደ 5,800 ዶላር ወለድ ይወልዳል፤ ወለዱ መቆጠር የሚጀምረውም ገንዘቡ ከተለቀቀ ጊዜ አንሥቶ ነው። ብድሩ በሕግ የአባትሽ ነው፤ አንቺ ሐኪም ብትሆኚም ወደ ስምሽ አይዛወርም። ከአዲሱ ሕግ በኋላ የሚወሰድ የወላጅ ብድር ደግሞ በገቢ ልክ የመክፈል አማራጭ የለውም፤ ሥራ ቢቀዘቅዝ ወይም ቢታመሙ ወርኃዊው ክፍያ አይቀንስላቸውም። ታናናሽ ወንድሞችሽ ኮሌጅ የሚደርሱበትን ዓመትም አስቢ። እናትሽ ዝም ያሉት ይህን እያሰሉ ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ጠይቂያቸው።

የሕክምና ትምህርት ቤቱ ብድርም ጠብቧል። ቀድሞ ተማሪዎች ሙሉውን ወጪ ይሸፍኑበት የነበረው የ«ግራድ ፕላስ» ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች የለም፤ የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። የብዙዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ትምህርትና ኑሮ አንድ ላይ ከዚህ ይበልጣል፣ ልዩነቱን የግል ብድር ወይም ቤተሰብ ይሞላዋል። የአባትሽ የዋስትና አቅም የሚያስፈልግሽ ያኔ ነው። አሁን ለመጀመሪያ ዲግሪ ከጨረሳችሁት ያኔ ማን ይፈርምልሻል?

ስለ ስሙ አባትሽ የሚሉት የት ላይ እውነት እንደሆነ ልመልስ ብዬ ነበር። ቦስተን በምርምርና በሆስፒታል የታወቀች ከተማ ናት፤ ትናንሽ ክፍሎች፣ መምህሩ ስምሽን የሚያውቅበት ላብራቶሪ፣ በሰዓቱ የሚመረቁ ተማሪዎች የበዙበት ግቢ ዋጋ አላቸው። ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት አማካይ ውጤትም ከመንግሥቶቹ ከፍ ይላል፤ ይህም ለአመልካች ይጠቅማል። በሌሎች ሙያዎች፣ በተለይ ዎል ስትሪትን ለሚያስብ ልጅ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ስም በእውነት በር ይከፍታል። በሕክምና ግን የስፔሻሊቲ ሥልጠና የሚሰጡ ሆስፒታሎች በዋነኛነት የሚያዩት ከሕክምና ትምህርት ቤት የወጣሽበትን ውጤት፣ የሁለተኛውን ደረጃ የፈቃድ ፈተናና ከሐኪሞች የተጻፈልሽን ደብዳቤ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተነሥተው የት እንደደረሱ ማየት ለሚፈልጉ አባትሽ ሩቅ ምሳሌ አያስፈልጋቸውም። ከ2017 እስከ 2021 የአሜሪካ ሰርጂን ጄኔራል (የመንግሥቱ ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም) የነበሩት ዶክተር ጀሮም አዳምስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙት ከእናንተ ቤት ብዙ በማይርቀው የባልቲሞር ካውንቲ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሞደርናን የኮቪድ ክትባት ባስገኘው የምርምር ቡድን ውስጥ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ዶክተር ኪዝሜኪያ ኮርቤትም እዚያው ተምረዋል።

የቦስተኑ ዩኒቨርሲቲ ለወላጆች በሚያሳየው መግለጫ ላይ «ካመለከቱት ተማሪዎቻችን 90 በመቶው ሕክምና ይገባሉ» የሚል ቃል ካለ ቁጥሩን በአክብሮት መርምሪው። የተቆጠሩት ያመለከቱት ናቸው፤ በመጀመሪያው ዓመት ሐኪም እንሆናለን ብለው ከገቡት ውስጥ ስንቶቹ እስከ ማመልከቻው ደረሱ? አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለአመልካቾች የጋራ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ ኮሚቴ አላቸው፤ ከእነዚህም ጥቂቶቹ ውጤቱ ዝቅ ላለ ተማሪ ደብዳቤ አይጽፉም፣ ወይም «ቆይ» ይሉታል። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩ ያምራል፣ የቀሩት ተማሪዎች ግን በቁጥሩ ውስጥ የሉም። ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምና ትምህርት አማካሪ ቢሮ ይህን በጽሑፍ ጠይቂ። እንደ አንቺ በእርዳታ ከገቡ ተማሪዎች መካከል ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን የጨረሱት ስንት እንደሆኑ፣ የማስጠናት አገልግሎቱ በነፃ መሆኑን፣ አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝም ጨምሪበት። ሁሉንም ላይመልሱልሽ ይችላሉ፤ የመለሱበት መንገድ ራሱ ይነግርሻል።

የኮሌጅ ፓርክን ችግርም አልደብቅሽም። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከ40 ሺህ የማያንሱ ተማሪዎች አሉት፣ የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ የሚሰጠው በመቶዎች በሚቆጠር ሰው ፊት ነው። እዚያ ዝምተኛ ተማሪ ማንም ሳያውቃት ልትመረቅ ትችላለች። በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ መምህር እንዲኖር ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ መምህሩ ተማሪ በሚቀበልበት ሰዓት ቢሮው ድረስ ሄደሽ መጠየቅ ይኖርብሻል። እኛ መምህርን ማስቸገር ነውር ነው ተብለን ያደግን ልጆች ይህን ለማድረግ እናፍራለን፤ አትፈሪ፣ መምህሩ የተቀመጠው ለዚሁ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ከቤት እየተመላለስሽ መማርሽ ነው። ቤት መኖር ገንዘብ ያስተርፋል፣ ጊዜ ግን ይወስዳል፤ በእኛ ቤት ደግሞ ከታላቅ ሴት ልጅ ላይ የሚወስደው ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል። የወንድሞችሽን ትምህርት ቤት ጉዳይ የምትከታተዪው፣ የመድኅን ደብዳቤ የምትተረጉሚው፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈዪው፣ እናትሽ ከሌሊት ሥራ ሲመለሱ እንዲተኙ ቤቱን የምትይዢው አንቺ እንደሆንሽ ደብዳቤሽ ባይናገርም እገምታለሁ። ይህ ነውር የለበትም፣ ክብር ነው። ነገር ግን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በሳምንት ሃያ ሰዓት የሚጠይቅበት ጊዜ ይመጣል፤ ያን ሰዓት ማንም ሰው ቤት ውስጥ አያየውም፣ ቁጭ ብለሽ ወረቀት ስታዪ ሥራ የፈታሽ ትመስያለሽ። ስለዚህ ኮሌጅ ፓርክን ስትመርጪ ከወላጆችሽ ጋር ስለ ሰዓት ተስማሚ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት እንደምትቆዪ፣ በፈተና ሳምንት ለቅሶም ሆነ ማኅበር እንደማትጠሪ፣ የወንድሞችሽን ጉዳይ አባትሽ ማክሰኞና ሐሙስ እንደሚይዙት በግልጽ ተነጋገሩ። አቅማችሁ ከፈቀደ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ግቢ ውስጥ ብትኖሪ እመርጣለሁ፤ በራስሽ ስም የምትወስጂው የመጀመሪያው ዓመት የፌዴራል ብድር ከወጪው የተወሰነውን ሊሸፍን ይችላል፣ እሱም ከቦስተኑ ዕዳ ጋር አይወዳደርም።

ስለ ሆስፒታል ልምድ ብዙ አትጨነቂ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማየት የሚፈልጉት ከታማሚ አጠገብ መቆየትሽን ነው፤ ለዚህ ደግሞ በእናትሽ ሙያ ውስጥ ቅርብ መንገድ አለሽ። በሜሪላንድ የነርሲንግ ኤይድ ሥልጠና ወስደሽ በበጋ ብትሠሪ ደመወዝ ታገኛለሽ፣ ልምዱም ሙሉ በሙሉ ይቆጠርልሻል። የሕክምና አስተርጓሚነትን የ40 ሰዓት ሥልጠና ብትወስጂ አማርኛሽ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ክሊኒኮች እጅግ ይፈለጋል። ሳትሠለጥኚ ግን ለታማሚ አታስተርጉሚ፤ አንድ የተሳሳተ የመድኃኒት መጠን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ባልቲሞር የሚገኘው በ1807 የተመሠረተው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከሚቀበላቸው ተማሪዎች አብዛኞቹ የክልሉ ነዋሪዎች ናቸው፤ ወላጆችሽ እዚያው እስከኖሩ ድረስ የትም ብትማሪ የነዋሪነት መብትሽ ስለማይጠፋ ይህ ለሁለቱም ምርጫ እኩል ነው።

እስከ ሜይ 1 የቀረውን ጊዜ እንዲህ ተጠቀሚበት። ለቦስተኑ የፋይናንስ እርዳታ ቢሮ ዛሬውኑ ይግባኝ ጻፊ፤ የአባትሽ የዘንድሮ ገቢ በታክስ ፎርሙ ላይ ካለው ዝቅ ካለ፣ የሕክምና ወጪ ካለባችሁ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ እርዳታ ማግኘትሽን ጭምር ማስረጃ አያይዘሽ አስረጂ። ይግባኝ መጻፍ ልመና አይደለም፣ ቢሮው በየጸደዩ የሚያየው ጉዳይ ነው። ከዚያም ከአባትሽ ጋር ቁጭ በዪ፤ እኔ የሠራሁትን ሒሳብ እንዲያምኑት አታድርጊ፣ ሁለቱን ደብዳቤዎችና ባዶ ወረቀት አምጪና የአራተኛውን ዓመት ሒሳብ እሳቸው በእጃቸው እንዲሠሩት ጠይቂያቸው። «አባዬ፣ ብድሩን ለሕክምናው ትምህርት ቤት እናቆየው» በያቸው። ለእናንተ ብለን ነው የመጣነው ያሉሽ አባት ፈቃደኝነታቸው እንዳልተናቀ ማወቅ አለባቸው፤ የዋስትና ፊርማቸው ከአራት ዓመት በኋላ ይፈለጋልና። ከቦስተን የሚመጣው የይግባኝ መልስ ዓመታዊውን ጉድለት ከ10,000 ዶላር በታች ካወረደው ደግመሽ ጻፊልኝ፤ ያን ጊዜ መልሴን እንደ አዲስ አስብበታለሁ።